የሲሴሮ ትምህርት በሮዶስ ደሴት

የታላላቅ ሰዎች ታሪክ ሲነገር ብዙውን ጊዜ የምንሰማው ስለ ሹመታቸውና ስለ ድላቸው ነው። እኛ ግን በዚህ ዓመት ትምህርታችንን ፈጽመን የምንሰናበት ተማሪዎች ስለ ሆንን፣ ከሮማዊው ተናጋሪ ከማርኩስ ቱሊዩስ ሲሴሮ ሕይወት ከሁሉ ይልቅ ልባችንን የሳበው በባዕድ አገር ተማሪ ሆኖ ያሳለፈው ጊዜ ነው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ ከክርስቶስ ልደት በፊት በአውሮፓውያን አቈጣጠር የሚቈጠሩ ናቸው።

ሲሴሮ በ106 ዓመት አርፒኑም በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። ወላጆቹ ሀብት ቢኖራቸውም ከአባቶቹ መካከል በሮማ ከፍተኛ ሹመት ያገኘ ሰው አልነበረም። ስለዚህ ልጁ ከፍ ለማለት ቢመኝ የሚተማመነው በትምህርቱና በአንደበቱ ብቻ ነበር። አባቱም ይህን ተረድቶ እርሱንና ታናሽ ወንድሙን ኩዊንቱስን በሮማ ከታወቁ መምህራን ዘንድ አስተማራቸው።

በ80 ዓመት፣ ሲሴሮ የ26 ዓመት ወጣት ሳለ፣ አባቱን ገድሏል ተብሎ ለተከሰሰው ለሴክስቱስ ሮስኪዩስ ጠበቃ ሆኖ ቆመ። የአምባገነኑ የሱላ ባለሟል በነገሩ እጁን አስገብቶ ስለ ነበረ፣ ታላላቆቹ ጠበቆች ፈርተው ዝም ብለው ነበር። ወጣቱ ግን በድፍረት ተከራክሮ ረታ፤ ስሙም በከተማው ሁሉ ተሰማ።

ይሁን እንጂ ዝናው ሲያድግ ጤናው ተጓደለ። ሰውነቱ ቀጭን፣ አንገቱም ደካማ ነበር። ሲናገር ደግሞ ድምፁን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳያሳርፍ በኀይል ይጮህ ነበር። ሐኪሞቹና ወዳጆቹ ነገሩ ለሕይወቱ እንደሚያሰጋ አይተው ጥብቅናውን እንዲተው መከሩት። እርሱ ግን ሥራውን ከመተው ይልቅ የአነጋገሩን መንገድ ለመለወጥ ቈርጦ፣ በ79 ዓመት ከወንድሙና ከጓደኞቹ ጋር ወደ ግሪክ አገር ሄደ።

በአቴና ስድስት ወር ያህል ከአንጥዮኮስ ዘንድ ፍልስፍና ተማረ። ከዚያም በታናሽ እስያ ከተሞች እየተዘዋወረ የታወቁትን የንግግር መምህራን ሁሉ ከሰማ በኋላ ወደ ሮዶስ ደሴት ተሻገረ።

ሮዶስ በመርከብ ንግድ የበለጸገች፣ በትምህርትም የታወቀች ደሴት ነበረች። ቁመቱ 70 ክንድ የነበረው የፀሐይ አምላክ የነሐስ ሐውልት በዚያ ነበር። በ226 ዓመት ገደማ በምድር መንቀጥቀጥ ከጉልበቱ ተሰብሮ ስለ ወደቀ፣ ሲሴሮ በደረሰ ጊዜ ሐውልቱ ከ140 ዓመት በላይ በምድር ተጋድሞ ነበር። የግሪክ ኀይል ወድቆ የሮማ ኀይል በተነሣበት በዚያ ዘመን፣ የአሸናፊው ሕዝብ ልጅ ከተሸናፊው ሕዝብ ሊማር መምጣቱን ልብ ልንለው ይገባል።

መምህሩ አፖሎኒዮስ ሞሎን ይባላል። ሲሴሮ ይህን ሰው ቀድሞ ለመልእክት ወደ ሮማ በመጣ ጊዜ ያውቀው ነበር። ታሪክ ጸሐፊው ፕሉታርክ እንደሚተርከው፣ ሞሎን ላቲን ስለማያውቅ ሲሴሮ በግሪክኛ እንዲናገር ጠየቀው። ሲሴሮም ስሕተቱ በዚህ ቋንቋ ይልቅ እንደሚታረምለት አስቦ እሺ አለ። ንግግሩን በፈጸመ ጊዜ የተቀመጡት ሁሉ ተደንቀው እየተሽቀዳደሙ አመሰገኑት፤ መምህሩ ግን ለረጅም ጊዜ በሐሳብ ተውጦ ዝም አለ። ተማሪው በዚህ አዘነ። በመጨረሻም መምህሩ እርሱን እንደሚያደንቀው ገልጾ፣ ነገር ግን ለግሪክ የቀረላት ክብር ትምህርትና አንደበት ብቻ ሲሆን እርሱም ወደ ሮማ ሊሄድባት ነውና ለአገሩ እንደሚያዝን ነገረው።

ይህ ታሪክ የተጻፈው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። ሲሴሮ ራሱ በ46 ዓመት በጻፈው መጽሐፍ የሚናገረው ግን ስለ ምስጋና አይደለም። ሞሎን የወጣትነቱን የቃላት ብዛት፣ ዳርቻውን አልፎ እንደሚፈስ ወንዝ የነበረውን፣ እየገታ እንዳረመው ይመሰክራል። እኛም ከፊተኛው ይልቅ ይህን ወደድነው። በትልቅ ከተማ ስሙ የታወቀ ጠበቃ፣ በባዕድ ቋንቋ፣ እንደ ጀማሪ ልጅ ቁጭ ብሎ መታረምን መረጠ።

በ77 ዓመት ወደ ሮማ ሲመለስ ሌላ ሰው ሆኖ ነበር ማለት ይቻላል። ድምፁ ረጋ፤ ሰውነቱም በረታ። በ70 ዓመት ሲሲሊያን የዘረፈውን ገዥ ቬሬስን ከሶ ረታ። በ63 ዓመት ከፍተኛውን የቆንስል ሹመት አግኝቶ የካቲሊናን አድማ አከሸፈ። በዚያን ጊዜ አድመኞቹን ያለ ፍርድ ስላስገደለ ግን በ58 ዓመት ለስደት ተዳርጓል።

መምህሩ የፈራው ነገር ደረሰ፤ ሆኖም ግሪክን አላደኸያትም። ሲሴሮ በሽምግልናው የግሪክን ፍልስፍና በላቲን ጻፈ፤ ቃል ባልነበረበትም አዲስ ቃል አበጀ። በ50 ዓመት ከሹመት ሲመለስ ልጁና የወንድሙ ልጅ እንዲያዩዋት ብሎ መርከቡን ወደ ሮዶስ አዞረ። በ43 ዓመት ታኅሣሥ 7 ቀን፣ አንቶኒዮስን በንግግር ስለ ተቃወመ፣ ጠላቶቹ ገደሉት።

ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ፤ ከእኛ መካከል ወደ ሌላ አገር፣ ወይም ከቤተ ሰቡ ርቆ ወደ ሌላ ከተማ ለትምህርት የሚሄድ አለ። እዚህ በክፍላችን አንደኛ የነበርን፣ እዚያ የመጨረሻዎቹ እንሆን ይሆናል። በዚያን ጊዜ ከአዳራሹ ጭብጨባ ይልቅ የሚያርመንን መምህር ዝምታ እንፈልግ፤ የተማርነውንም በገዛ ቋንቋችን ለወገናችን ለማካፈል እንትጋ። ትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓሉን በሚያከብርበት በዚህ ዓመት፣ ለሚያርሙን መምህራኖቻችንና ለላኩን ወላጆቻችን የምናቀርበው ምስጋና ይህ ነው።