የልብስ አጣቢዋ ልጅ ባንክ

በእድርና በእቁብ ላደግን ሴቶች የማጊ ሊና ዎከር ታሪክ ባዕድ አይሆንብንም። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ማጊ የተወለደችው በ1864 በቨርጂኒያ ግዛት፣ በሪችመንድ ከተማ ነው። ሪችመንድ ሰው እንደ ከብት የሚሸጥባት ትልቅ ገበያ ነበረች። የደቡብ ግዛቶች ባርነትን ላለመተው ከአሜሪካ ሲገነጠሉም ዋና ከተማቸው አደረጓት። ከ1861 እስከ 1865 የቆየው የእርስ በርስ ጦርነት በደቡብ ሽንፈት ሲያበቃ ባርነት ቀረ፤ ማጊ ያኔ ገና ሕፃን ነበረች። በባርነት የኖረችው እናቷ ኤልዛቤት ድሬፐር በአንዲት ነጭ ባለጸጋ ቤት ታገለግል ነበር።

ነጻነቱ ግን ባዶ እጅ ነበር። ነጻ ለወጡት መሬትም ሆነ የዘመናት ድካማቸው ዋጋ አልተሰጣቸውም። ጦርነቱ ሊያበቃ ሲል ለእነሱ ተብሎ የተቋቋመው የቁጠባ ባንክ እንኳ በ1874 ከስሮ ከ60,000 በላይ ሰዎች ገንዘባቸው ቀለጠባቸው። ከሁለት ዓመት በኋላ የማጊ እንጀራ አባት ሞተ። እናቷ የነጮችን ልብስ እያጠበች ልጆቿን ስታሳድግ፣ ማጊ ቅርጫቱን ተሸክማ በየቤቱ ታደርስ ነበር።

በ14 ዓመቷ ገደማ የቅዱስ ሉቃስ ማኅበር አባል ሆነች። ማኅበሩ እንደ እኛ እድር ነው፤ አባላት በየጊዜው ያዋጣሉ፣ የታመመ ይረዳል፣ የሞተ በክብር ይቀበራል። ትምህርቷን ጨርሳ አስተማሪ ሆነች፤ በ1886 ስታገባ ግን ያገባች ሴት ማስተማር ስለማይፈቀድላት ሥራውን ተወች። በ1899 ማኅበሩን እንድትመራ ስትመረጥ ካዝናው ባዶ ሊሆን ምንም አልቀረውም፤ ዕዳም ነበረበት።

በ1902 ቨርጂኒያ ያወጣችው አዲስ ሕገ መንግሥት የአብዛኛውን ጥቁር ሕዝብ የመምረጥ መብት ነጠቀ። ማጊ በዚያው ዓመት የማኅበሩን ጋዜጣ ጀመረች፤ በ1903 ደግሞ የቅዱስ ሉቃስ ፔኒ የቁጠባ ባንክን ከፈተች። በአሜሪካ ባንክ አቋቁማ በፕሬዝዳንትነት የመራች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት እሷ ናት። የአጣቢዎችና የቤት ሠራተኞች ሳንቲም ተጠራቅሞ፣ ተመልሶ ለራሳቸው ወገን ቤት መግዣ ብድር ሆነ። እስከ 1920 ድረስ ከ600 በላይ ቤተሰቦች በዚህ መንገድ የቤት ባለቤት ሆነዋል። ሌላ ቦታ ከኩሽና በቀር በር የማይከፈትላቸው ጥቁር ሴቶች በማኅበሩ ቢሮ ጸሐፊና ሒሳብ ያዥ ሆኑ።

ሁሉም አልተሳካላትም። በ1904 የከተማው ባቡር ጥቁሮችን ለይቶ ማስቀመጥ ሲጀምር ሕዝቡ በእግሩ እንዲሄድ ከቀሰቀሱት አንዷ ነበረች፤ ሆኖም መለያየቱን ሕግ አጸናው። በ1905 የተከፈተው የማኅበሩ መደብርም የነጭ ነጋዴዎች ተቃውሞ በርትቶበት ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተዘጋ። ከሁሉ የከፋው በ1915 የደረሰባት ነው። ልጇ አባቱን ሌባ መስሎት ተኩሶ ገደለው። ልጁ ተከሶ በነጻ ቢለቀቅም፣ እሷን ከሥልጣን ለማውረድ ይህን ሐዘን የተጠቀሙበት አልጠፉም። እሷ ግን በቦታዋ ጸናች፤ የማኅበሩ አባላት ቁጥርም ከ50,000 አለፈ።

በመጨረሻ ዓመታቷ እግሯ አልታዘዝ ብሏት በተሽከርካሪ ወንበር ሆና ትሠራ ነበር። የ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ቀውስ ባንኮችን ሲጠርግ፣ የእሷ ባንክ ከከተማው ሌሎች የጥቁሮች ባንኮች ጋር ተዋሕዶ የአባላቱን ገንዘብ አተረፈ። በ1934 አረፈች። ቤቷ ዛሬ በመንግሥት ተጠብቆ ይጎበኛል።

ጦርነቱ ሰንሰለቱን ሰበረ እንጂ ቤት አልሠራም። ቤቱን የሠሩት፣ አንድ ጊዜ ገንዘባቸው ተበልቶም ዳግመኛ ለመቆጠብ የደፈሩ ሴቶች ናቸው። የደፈሩትም ሣጥኑን የያዘችውን ስለሚያውቋት ነው። እኛም በየወሩ መዋጮ ስንቀበልና መዝገቡ ላይ ስንፈርም የያዝነው ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ የእህቶቻችንን እምነት ጭምር ነው።