በበረዶ ልትታሰር የተሠራች መርከብ

ወደ ዋልታ የሚሄድ መርከበኛ ሁሉ አንድ ነገር ይፈራል፤ መርከቡ በረዶ ውስጥ ተይዛ እንዳትቀር። የዛሬው ባለታሪካችን ግን አስቦበት፣ ገንዘብ አሰባስቦ፣ ሆን ብላ ሄዳ በበረዶ የምትታሰር መርከብ አሠራ። እብደት ነው ያሉት ብዙ ነበሩ። ሰውየው ፍሪትዮፍ ናንሰን ይባላል፤ መርከቧ ደግሞ ፍራም። ትርጉሙ በኖርዌይኛ “ወደፊት” ማለት ነው። (እዚህ ያሉት ዘመኖች በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ናንሰን ኦክቶበር 10 ቀን 1861 የዛሬዋ ኦስሎ አጠገብ ተወለደ። ከልጅነቱ በበረዶ ላይ መንሸራተት ነፍሱ ነበር። በትምህርቱ ደግሞ የእንስሳት ሳይንስ አጥንቶ በበርገን ሙዚየም ተቀጠረ፤ በነርቭ ሥርዓት ላይ ባደረገው ምርምርም በ1888 ዶክተር ተባለ።

በዚያው ዓመት አምስት ሰዎች አስከትሎ ግሪንላንድን በእግርና በበረዶ መንሸራተቻ አቋረጠ። እንዴት መሰላችሁ? ሰው እምብዛም ከማይኖርበት ከምሥራቁ ዳርቻ ተነሥቶ ሰው ወዳለበት ወደ ምዕራቡ ነው የሄደው። ከኋላው የሚመለስበት ቤት፣ የሚጠብቀው ምግብ የለም። ያለው ምርጫ ወደፊት ብቻ ነው። ይቺን አካሄድ ያዙልኝ፤ ወደኋላ እንመለስባታለን።

ታዲያ የፍራም ሐሳብ ከየት መጣ? ጃኔት የምትባል የአሜሪካ መርከብ በ1881 ከሳይቤሪያ በስተ ሰሜን በበረዶ ተጨፍልቃ ሰጠመች። ከሦስት ዓመት በኋላ ስብርባሪዋ የት ቢገኝ ጥሩ ነው? ግሪንላንድ፣ በደቡብ ምዕራቡ ዳርቻ! ይሄ ማለት የሰሜኑ ባሕር በረዶ ቆሞ የሚቀር ሳይሆን ቀስ እያለ የሚጓዝ ነው። ናንሰን አሰበ። ስብርባሪውን የወሰደው በረዶ መርከብንስ ለምን አይወስድም? ብቻ መርከቧ መጨፍለቅ የለባትም።

መፍትሔው ቅርጿ ላይ ነበር። የረጠበ ሳሙና አጥብቃችሁ ስትጨብጡ ሙልጭ ብሎ ወደ ላይ እንደሚወጣ ታውቃላችሁ አይደል? መሐንዲሱ ኮሊን አርቸር ፍራምን እንደዚያ አድርጎ ሠራት። ርዝመቷ 39 ሜትር፣ ወርዷ 11 ሜትር ሆኖ ሆዷ ክብ ነው፣ ገበቴ ነገር። በረዶው ከግራና ከቀኝ ሲጨምቃት የሚይዘው ነገር ያጣና ወደ ላይ ያነሣታል። ግድግዳዋ ከግማሽ ሜትር በላይ ውፍረት ያለው እንጨት ነው። መሪዋና ፕሮፔለሯ በረዶ እንዳይሰብራቸው ወደ ላይ ይሳባሉ። መብራቷ ሳይቀር በነፋስ ከሚዞር ማሽን የሚመጣ ኤሌክትሪክ ነበር፤ ያውም በ1893!

ጁን 24 ቀን 1893 አሥራ ሦስት ሆነው ተነሡ። ናንሰን ያን ጊዜ 31 ዓመቱ ነው። ሚስቱ ኤቫንና ገና ስድስት ወር ያልሞላትን ልጁን ሊቭን ትቶ ሄደ። በሴፕቴምበር መርከቧ እንደታሰበው በበረዶ ተያዘች።

ከዚያ በኋላ ያለው የትዕግሥት ታሪክ ነው። ለወራት ፀሐይ የለም። ይባስ ብሎ በረዶው መጀመሪያ ወደ ሰሜን መውሰዱ ቀርቶ ወደ ደቡብ መለሳቸው! ሰዎቹ ግን እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም፤ መርከቧን ቤተ ሙከራ አደረጓት። በየአራት ሰዓቱ የአየሩን ሁኔታ ይመዘግባሉ። በኮከብ ያሉበትን ቦታ ያሰላሉ። የምድርን መግነጢስ ይለካሉ። በረዶውን ቀድደው ከታች ያለውን ውኃ እየቀዱ ሙቀቱንና ጨውነቱን ይመረምራሉ።

የባሕሩን ጥልቀት ሊለኩ ሲሉ የያዙት ገመድ አልደርስ አለ። ባሕሩ ጥልቀት የለውም ተብሎ ስለታሰበ አጭር ገመድ ነበር የያዙት። ምን ይደረግ? ከመርከቧ የብረት ገመድ ፈትተው ረጅም መለኪያ ሠሩ። ወለሉ ከ3,000 ሜትር በታች ሆኖ ተገኘ! ከላይ ካለው ቀዝቃዛ ውኃ ሥር ደግሞ ከአትላንቲክ የሚመጣ ሞቅ ያለ ውኃ እንዳለ አወቁ። በረዶው ነፋሱ ወደሚነፍስበት አቅጣጫ ቀጥ ብሎ ሳይሆን ወደ ቀኝ ዘንበል ብሎ እንደሚሄድም ናንሰን አስተዋለ። ምክንያቱን በኋላ ስዊድናዊው ኤክማን በሒሳብ አሳየ፤ መነሻው የምድር መሽከርከር ነው። የውቅያኖስ ሳይንስ ተማሪዎች ዛሬም ይማሩታል።

ግን ናንሰን ልቡ አላረፈም። መርከቧ ሰሜን ዋልታን ሳትነካ ልታልፍ እንደሆነ ሲገባው ወጥቶ በእግሩ ሊሄድ ቆረጠ። ነገሩ ቀላል አይደለም። መርከቧ በየቀኑ ቦታ ትቀይራለች፤ አንዴ ከወጡ ተመልሶ ማግኘት የለም። ሁለት ጊዜ ሞክሮ ከተመለሰ በኋላ ማርች 14 ቀን 1895 ከያልማር ዮሃንሰን ጋር፣ ሦስት ጋሪና 28 ውሾች ይዞ ወጣ።

ከሦስት ሳምንት ተኩል በኋላ 86 ዲግሪ ከ14 ደቂቃ ደረሱ። እስከዚያ ቀን ድረስ ማንም ሰው ያን ያህል ወደ ሰሜን አልሄደም። ከዚያ ወዲያ ግን መሬቱ ከእግራቸው ሥር ይሸሻል። እነሱ ወደ ሰሜን ሲራመዱ በረዶው ወደ ደቡብ ይወስዳቸዋል። ዋልታው 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ቀርቶት ናንሰን ተመለስን አለ።

መመለሱ ከመሄዱ ባሰ። ሰዓቶቻቸው ቆሙባቸውና ያሉበትን ቦታ በትክክል ማስላት አቃታቸው። ምግብ ሲያልቅ ውሾቹን እያረዱ ለሌሎቹ አበሉ። መጨረሻ ላይ ሁለት ውሾች ቀሩ። የየራሳቸውን መግደል ስላቃታቸው አንዱ የሌላውን ውሻ ተኮሰ። ከዚያ በፍራንዝ ጆሴፍ ደሴቶች ድንጋይ ክበው፣ የዋልረስ ቆዳ ጣራ አልብሰው፣ የድብ ሥጋ እየበሉ ክረምቱን በሙሉ ሁለት ብቻቸውን አሳለፉ። ሰው ያገኙት ጁን 17 ቀን 1896 ነው፤ ያውም በአጋጣሚ፣ እዚያ የነበረ ፍሬደሪክ ጃክሰን የሚባል እንግሊዛዊ አሳሽ።

ጉዱ እዚህ ላይ ነው። ሁለቱ ኖርዌይ በገቡበት በዚያው ቀን፣ ኦገስት 13፣ ፍራም ከበረዶው ተላቅቃ ወጣች። አሥራ ሦስቱም ሰዎች በሕይወት ተመለሱ። መርከቧ ማንም ሳይገፋት የደረሰችበት ቦታ ደግሞ እነናንሰን ነፍሳቸውን አስይዘው ከደረሱበት የሚያንሰው በ30 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነበር።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ናንሰን ጀግና አሳሽ ተብሎ ይቀር ነበር። ነገር ግን ሌላ በረዶ ጠበቀው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የመንግሥታት ማኅበር የጦር እስረኞችን ወደ አገራቸው እንዲመልስ ሾመው። በሁለት ዓመት ከ400,000 በላይ ሰዎች አስገባ። በሩሲያ ረሀብ ሲገባ ግን መንግሥታቱን ገንዘብ ለምኖ እምቢ አሉት፤ ለቦልሼቪኮች መጠናከሪያ ይሆናል ብለው። እሱም በየከተማው እየዞረ ከሕዝቡ ለመነ።

ከሁሉም የሚከብደው የስደተኛው ነገር ነበር። በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሩሲያውያን ዜግነታቸው ተሰርዞ በሰው አገር ቀሩ። ወረቀት የሌለው ሰው ድንበር አይሻገርም፣ ሥራ አያገኝም፤ ባለበት ይታሰራል። ናንሰን በ1922 አንድ መላ አመጣ። አገር የሌለው ሰው የሚይዘው ወረቀት፤ የናንሰን ፓስፖርት። ቀስ በቀስ ከ50 በላይ መንግሥታት ተቀበሉት። ሙዚቀኛው ስትራቪንስኪና ሠዓሊው ሻጋል ሳይቀሩ ይዘውት ተጉዘዋል። በዚያው ዓመት የኖቤል የሰላም ሽልማት ሲሰጠው ገንዘቡን ለእርዳታ ሥራ አዋለው።

በ1924 ፓስፖርቱ ለአርመን ስደተኞችም ተፈቀደ። ያ ዓመት ለእኛም አዲስ አይደለም። ከዚያው የአርመኖች እልቂት የተረፉትን አርባ ወላጅ አልባ ልጆች ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ወደ አዲስ አበባ ያስመጡት ያን ጊዜ ነው። “አርባ ልጆች” የሚባሉት የሙዚቃ ባንድ እነሱ ናቸው። ያመጣቸው ናንሰን አይደለም፤ መከራው ግን አንድ ነበር።

ናንሰን ሜይ 13 ቀን 1930 በቤቱ አረፈ። የቀበሩት በአገሪቱ ትልቁ በዓል፣ በሜይ 17 ነው። ፍራም ዛሬ ኦስሎ ሙዚየም ውስጥ ቆማለች። በ2019 ፖላርሽተርን የምትባለው የጀርመን የምርምር መርከብ፣ ብዙ ቤተ ሙከራ ተሸክማ፣ የ20 አገር ሳይንቲስቶችን እያፈራረቀች፣ ሆን ብላ በበረዶ ተይዛ እንደ ፍራም ተጓዘች። ያኔ እብደት የተባለው ነገር አሁን የምርምር ዘዴ ሆኗል።

ናንሰን ዋልታውን ሳይረግጥ ነው የሞተው። ፈልጎ ያጣው እሱን ነው። ዛሬ በስሙ የምናስታውሰው ግን በመንገዱ ላይ የለካውን ባሕርና ወረቀት የሰጠውን ስደተኛ ነው።