በሩ እስኪከፈት ኦኔሲሞስ ምን ሠራ?

ባለፈው ሳምንት አንድ ቢሮ ወረፋ ይዤ ተቀምጬ ነበር። መጀመሪያ ሲስተም የለም ተባልን። ቀጥሎ ትንሽ ጠብቁ ተባልን። ትንሿ ወደ ሦስት ሰዓት ተጠጋች። የስልኬ ቻርጅ እያለቀ ስለነበር ቪዲዮ ማየቱን ትቼ መጽሐፍ ቅዱስ ከፈትኩና አጭር የሆነ ነገር መፈለግ ጀመርኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከመንፈሳዊነት ሳይሆን ከመሰልቸት ነው። የጳውሎስ መልእክት ወደ ፊልሞና አንድ ምዕራፍ፣ ሃያ አምስት ቁጥር ብቻ ናት። ከፊቴ የነበረው ሰውዬ ሳይስተናገድ ጨረስኳት።

ታሪኩን ለማታውቁት ባጭሩ ልናገር። ጳውሎስ እስር ላይ ነው። አናሲሞስ የሚባል፣ ከጌታው ከፊልሞና የተለየ ባሪያ እስር ቤት ድረስ አግኝቶት አምኗል። ጳውሎስ ይህን ሰው ወደ ፊልሞና መልሶ ሲልከው ደብዳቤ ያስይዘዋል፤ ከእንግዲህ እንደ ባሪያ ሳይሆን እንደ ተወደደ ወንድም እንዲቀበለው ይለምንለታል። ያለበት ዕዳ ካለም እኔ እከፍላለሁ ብሎ በገዛ እጁ ይጽፍለታል። አናሲሞስ የሚለው ስም በግሪክኛ ጠቃሚ ማለት ነው። ጳውሎስም በስሙ ትንሽ ይጫወትበታል፤ ድሮ የማይጠቅም የነበረው አሁን ለአንተም ለእኔም የሚጠቅም ሆኗል እንደ ማለት።

ይህን ሳነብ ትዝ ያለኝ ሌላ ሰው ነው። ይህንኑ ስም ከዚችው ደብዳቤ ወስዶ የራሱ ያደረገ ኢትዮጵያዊ፤ ኦኔሲሞስ ነሲብ። ስሙን የሰማችሁ ትኖራላችሁ። እኔም ስሙን አውቀው ነበር፣ ሕይወቱን ግን በቅጡ ያነበብኩት ከዚያ ቀን በኋላ ነው። (ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የማስቀምጣቸው።)

የተወለደው በ1856 ገደማ ኢሉባቦር ውስጥ፣ ሁሩሙ አካባቢ ነው። ወላጆቹ ያወጡለት ስም ሂካ ነበር። ሂካ በአፋን ኦሮሞ ፈቺ፣ ተርጓሚ እንደ ማለት ነው። አማርኛችንም እኮ ሁለቱን ነገር በአንድ ቃል ይይዛቸዋል፤ ቋጠሮም ይፈታል፣ ሕልምም ይፈታል። እናትና አባቱ ያን ስም ሲያወጡለት ምን እንዳሰቡ እንጃ፤ ልጁ ግን ኋላ ላይ ስሙን ሆኖ ተገኘ።

አባቱ የሞተው ገና የአራት ዓመት ልጅ ሳለ ነው። ከዚያ የባሪያ ፈንጋዮች ከቤተሰቡ ነጠቁት። ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጠ ከደቡብ ምዕራብ ጫፍ ተነስቶ ቀይ ባሕር ዳር፣ ምጽዋ ደረሰ። ከዚያ ወዲያ ባሕር ነው። ባሕሩን ቢሻገር ኖሮ ዛሬ ስሙን የሚያነሳ አይኖርም ነበር። በ1870 ቨርነር ሙንዚንገር የተባለ ስዊዘርላንዳዊ ምጽዋ ላይ ነጻ አወጣውና ለስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ሰጠው። ልጁ እዚያ ተማረ፣ አመነ፤ በ1872 በፋሲካ ዕለት ተጠመቀ። አዲሱም ስም መጣ፤ ኦኔሲሞስ፣ ጠቃሚው።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቁም። ብዙ ጊዜ ይህን መሰል ታሪክ ሲነገር አንድ ስህተት እንሠራለን። ባይሸጥ ኖሮ ወንጌል አይሰማም ነበር፣ ስለዚህ መሸጡ ጥሩ ሆነ እንላለን። መጽሐፍ ቅዱስ ግን እንደዚያ አይልም። ዮሴፍ ግብፅ ላይ ሳለ ወንድሞቹን ያደረጉት ነገር ጥሩ ነበር አላላቸውም። ክፉ አስባችሁብኝ ነበር ብሎ ፊት ለፊት ነግሯቸዋል፤ እግዚአብሔር ግን ያንኑ ለመልካም አዋለው ነው ያለው። ክፉው ክፉ እንደሆነ ይቀራል። የተጎዳ ጓደኛችሁን ስታጽናኑ ይቺን ልዩነት አትርሷት። የደረሰበትን በደል እያሳመራችሁ አትንገሩት።

ኦኔሲሞስ ከዚያ ስዊድን ሄዶ ዮሐንስሉንድ በሚባል የነገረ መለኮት ትምህርት ቤት አምስት ዓመት ተማረ። አስቡት፤ ከባሪያ ገበያ ተነስቶ አውሮፓ የተማረ ወጣት። እዚያው ሊቀር ይችል ነበር፤ ማንም አይፈርድበትም። እሱ ግን በ1881 ወደ ምጽዋ ተመለሰ፣ ምሕረት ኃይሉን አገባ፣ ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ፈለገ፤ ወደ ተነጠቀበት ሕዝብ ሄዶ በራሱ ቋንቋ ወንጌልን መናገር።

በሩ ግን ተዘግቷል።

በመጀመሪያ በሱዳን በኩል ዞሮ ለመግባት ሞከረ። እስከ ድንበሩ ተጉዞ ሳይሳካለት ወደ ካርቱም ተመለሰ፤ በሽታውም ጣለው። ከዚያ ምጽዋ አጠገብ ወዳለው እምኩሉ። ሁለተኛው ሙከራ በመሐል አገር በኩል ነበር። በ1886 እስከ እንጦጦ ደረሰ። አስቡት፣ እንጦጦ ማለት እኮ መንገዱ አልቆ ነው። ከዚያ ማለፍ ግን አልተፈቀደም። እንደገና ወደ ምጽዋ፣ እንደገና ወደ እምኩሉ ሙቀት። ምጽዋን የምታውቁ ሙቀት ስል ይገባችኋል።

አሁን ስለ ራሴ ትንሽ ልናዘዝ። እኔ ሦስት ዓመት ፕሮሰስ ላይ ነበርኩ። ፕሮሰስ ማለት ምን እንደሆነ ለናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም፤ ግማሻችሁ እዚያው ናችሁ። በነዚያ ሦስት ዓመታት ምንም ነገር አልጀመርኩም። ልሄድ ስለሆነ ብዬ የሰንበት ትምህርት የማስተምራቸውን ልጆች ለሌላ ሰው ተውኩ። ልሄድ ስለሆነ ብዬ የጀመርኩትን ኮርስ አቋረጥኩ። የታመመች አክስቴን እንኳ ጉዳዩ ይለቅና ተረጋግቼ እጠይቃታለሁ አልኩ። ጉዳዩ አላለቀም፤ አክስቴ ግን አለፈች። ያኔ ማንም ምን እየሠራህ ነው ቢለኝ መልሴ አንድ ነበር፤ እግዚአብሔር በሩን እስኪከፍት እየጠበቅሁ ነው። አነጋገሩ እምነት ይመስላል አይደል? ስንፍና ነበር፤ እምነት የሚመስል ልብስ የለበሰ።

ጌታ ስለ መክሊት የተናገረውን ምሳሌ ታውቁታላችሁ። ጌታቸው መንገድ ሲሄድ ለአንዱ አምስት፣ ለአንዱ ሁለት፣ ለአንዱ አንድ መክሊት ሰጣቸው። አንድ የተቀበለው ሄዶ መሬት ቆፍሮ ቀበረው። ልብ በሉ፣ ይህ ሰው መክሊቱን አልሰረቀም፣ አልበላም፣ አልጠጣበትም። ዝም ብሎ ጠበቀ። የተፈረደበትም በዚሁ ነው።

ኦኔሲሞስ ወደ አገሩ መግባት ሲከለከል እጁ ላይ ምን ነበረው? ቋንቋው ነበር። እሱም ሙሉ አልነበረም። በልጅነቱ ከሕዝቡ የተለየ ሰው ነው፤ አብዛኛውን ዕድሜውን አፋን ኦሮሞ በማይነገርበት ቦታ ነው ያሳለፈው። ግን ያችን አንድ መክሊት አልቀበራትም። እኔ መሄድ ካልቻልኩ መጽሐፉ ይሂድ ያለ ይመስል ቁጭ ብሎ መተርጎም ጀመረ።

ቋንቋው እንደሚጎድለው ያውቅ ነበርና ረዳት ፈለገ። አስቴር ጋኖ የምትባል ወጣት ሴት እምኩሉ መጥታ ነበር። እሷም እንደሱ ባሪያ ሆና የተሸጠች ናት፤ ወደ ዓረብ አገር ስትወሰድ በ1886 ጀልባዋን የጣሊያን መርከቦች አስቁመው ነው ነጻ የወጣችው። አስቴር አፋን ኦሮሞን አሳምራ ታውቀዋለች። ቃላት ሰበሰበች፣ ተረቱን፣ ምሳሌውን፣ እንቆቅልሹን፣ ዘፈኑን ከትዝታዋ እየቀዳች ጻፈች። ኦኔሲሞስ በሷ መዝገበ ቃላት ላይ ተደግፎ ነው ትርጉሙን የሠራው። የማንበቢያ መጽሐፍም አብረው አዘጋጅተው በ1894 ታተመ።

እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ግን የአስቴር ስም ከሱ ስም ጀርባ ተሸፍኖ ኖሯል። ይሄም ለኛ ትምህርት ነው። ጳውሎስ ስለ አካል ብልቶች ሲጽፍ ዓይን እጅን አታስፈልገኝም ሊለው እንደማይችል ያስረዳል። ዛሬ በየአገልግሎቱ፣ በየቢሮው፣ በየግሩፑ ከኋላ ሆና ሥራውን የምትሠራ አንዲት አስቴር አትጠፋም። ምስጋናው ሲመጣ ስሟን ጥሩት።

በ1893 አዲስ ኪዳን በአፋን ኦሮሞ ታተመ። በ1899 ደግሞ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ ስዊዘርላንድ ውስጥ፣ ሴንት ክሪሾና ላይ ታትሞ ወጣ። የተጻፈው በግዕዝ ፊደል ነው። ዛሬ ስልካችን ላይ በአንድ ንክኪ ቋንቋ የምንቀይርበት አፕ ላይ የምናገኛቸው ትርጉሞች ከዚያ በኋላ የመጡ ናቸው። መንገዱን ከጠረጉት መካከል ግን እነዚያ ቀይ ባሕር ዳር ተዘግቶባቸው የተቀመጡ፣ በአንድ ወቅት ዋጋ ተተምኖላቸው የተሸጡ ሁለት ሰዎች ይገኙበታል።

ጌታ በእኩለ ሌሊት የወዳጁን በር ስላንኳኳው ሰው የተናገረውን ምሳሌ እኔ ሁልጊዜ የምረዳው ስለ መለመን ብቻ አድርጌ ነበር። አሁን አንድ ነገር አየሁበት። ሰውየው ያንኳኳው ለራሱ ሆድ አልነበረም፤ ቤቱ እንግዳ ገብቶበት፣ የሚያቀርብለት እንጀራ አጥቶ ነው። እኛ ስናንኳኳ ለማን ነው? ኦኔሲሞስ ያን ሁሉ ዘመን ያንኳኳው ለሚመግበው ሕዝብ ነበር። ለዚህ ይመስለኛል እያንኳኳም ዱቄቱን ሲያቦካ የቆየው።

በሩ በ1904 ተከፈተ። ከስዊድን ከተመለሰበት ዓመት ብትቆጥሩ ሃያ ሦስት ዓመት ነው። ነቀምቴ ገባ፤ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር በክብር ተቀበሉት። ባዶ እጁን አልገባም። የተዘጋበት ዘመን የሠራውን መጽሐፍ ይዞ ገባ። አስቴርም ተመልሳ አብራው አስተማረች። በሩ በ1881 ተከፍቶለት ቢሆን ኖሮ ምን ይዞ ይገባ ነበር? ይህን ጥያቄ ለራሴ ደጋግሜ ጠይቄዋለሁ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ይል ነበር። አላለቀም። በሕዝቡ ቋንቋ ማስተማሩ ክስ አመጣበት። በ1906 አዲስ አበባ ተጠርቶ አቡነ ማቴዎስ ፊት ቀረበ። በአጼ ምኒልክ ውሳኔ ወደ ነቀምቴ እንዲመለስ ቢፈቀድለትም እንዳይሰብክ ታገደ። አስቡት፤ ይህን ሁሉ ዘመን ጠብቆ ከገባ በኋላ ዝም በል መባል። እስከ 1916 ድረስ፣ ልጅ ኢያሱ ፈቃድ እስኪሰጠው፣ እንደዚያ ቆየ።

እሱ ዝም ሲል ግን መጽሐፉ ዝም አላለም። ጳውሎስ ከእስር ቤት ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ እሱ በሰንሰለት ቢታሰርም የእግዚአብሔር ቃል እንደማይታሰር ነግሮታል። ኦኔሲሞስ እንዳይናገር ቢከለከልም፣ የተረጎመውን መጽሐፍ የያዘ ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ በእናቱ ቋንቋ ማንበብ ይችል ነበር።

ኦኔሲሞስ በሰኔ ወር 1931 ነቀምቴ ላይ አረፈ። መካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን በአገር አቀፍ ደረጃ የተቋቋመችው እሱ ካረፈ ከሃያ ስምንት ዓመት በኋላ፣ በ1959 ነው። በሚሊዮን የሚቆጠሩ ምእመናን ዛሬ እሱን ከቀዳሚ አባቶቻቸው አንዱ አድርገው ይቆጥሩታል። እሱ ይህን አላየም። በሉቃስ ወንጌል ስለ ዘሪው በተነገረው ምሳሌ መጨረሻ ላይ በመልካም መሬት የወደቀው ዘር በመጽናት ፍሬ እንደሚያፈራ ተጽፏል። እኛ ብዙ ጊዜ መልካም መሬት ማለት ቶሎ የሚያበቅል መሬት ይመስለናል። ቶሎ የበቀለውማ በምሳሌው ውስጥ ጭንጫው ላይ የወደቀው ነው፤ ፀሐይ ሲወጣ ደረቀ።

ያን ቀን ቢሮው ሲዘጋ ጉዳዬ አላለቀም። ነገ ኑ ተባልን። ስወጣ ግን ስልኬ ላይ በቀረችው ጥቂት ቻርጅ የሰንበት ትምህርት ልጆቼን ለተረከበው ልጅ ደወልኩ። እሁድ ልምጣ ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ሳቀብኝና ና አለኝ። አክስቴ ጋ መደወል ግን አይቻልም። እሱ በር ተዘግቷል፤ እኔው ነኝ የዘጋሁት።

እናንተስ ምን እየጠበቃችሁ ነው? ቪዛ፣ ሥራ፣ ትዳር፣ የተጣላችሁት ሰው እስኪደውል? ጠብቁ፣ መጠበቅ ኃጢአት አይደለም። ግን እጃችሁ ላይ ያለችውን አንዷን መክሊት ዛሬ ማታ አውጥታችሁ እዩዋት። ከመተኛታችሁ በፊት ደግሞ ፊልሞናን አንብቧት። ሃያ አምስት ቁጥር ናት፤ ከአንድ ቪዲዮ አትበልጥም።

ቸር እንሰንብት።