መስመሩን የያዘው ማን ነው?

ባለፈው እሑድ አያት ካለ አንድ ካፌ ተቀምጬ በ09 ቁጥሬ ወደ አንድ ወዳጄ የ07 ቁጥር ደወልኩ። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2015 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ይህ ለማናችንም ብርቅ አይደለም። የሚገርመው ከድምፃችን በፊት የሚሆነው ነው። የእኔ ኔትወርክ ሌላውን ኔትወርክ ደንበኛው የት እንዳለ፣ ስልኩ ክፍት ይሁን የተያዘ ይጠይቃል። ጥያቄውና መልሱ የሚመላለሱት ከንግግራችን በተለየ የምልክት መስመር ነው። ስልኩ የሚጠራው ከዚያ በኋላ ነው። ያ መስመር ከተዘጋ ሁለቱም ስልኮች ደህና ሆነው እንኳ ሰዎቹ አይገናኙም።

ነገሩ ዳግማዊ ምኒልክን አስታወሰኝ። የሕግ ትምህርት የጨረሰ ሰው አመሉ ነው፤ ምንም ቢያወሩት ውል ይታየዋል።

ምኒልክ በ1836 ዓ.ም. ተወለዱ። በልጅነታቸው በአፄ ቴዎድሮስ ተማርከው ወደ አሥር ዓመት ያህል መቅደላ ቆዩና በ1857 ዓ.ም. አመለጡ። ይህን ሁላችንም ስለምናውቀው ልለፈው። እኔን የሚይዘኝ በሚያዝያ 1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል አንቀጽ 17 ነው። በአማርኛው ንጉሡ ከሌሎች መንግሥታት ጋር በኢጣሊያ በኩል መጻጻፍ ይችላሉ፤ በጣሊያንኛው ግን ግዴታቸው ነው። መስመሩ ተያዘባቸው ማለት ነው። ንጉሠ ነገሥት መሆናቸውን ለአውሮፓ ነገሥታት በቀጥታ ቢጽፉ፣ ከለንደንና ከበርሊን የመጣው መልስ ጉዳያቸው በሮም በኩል እንዲቀርብ የሚጠይቅ ሆነ። በ1885 ዓ.ም. ውሉን አፈረሱ። ክርክሩ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ በጦር ተቋጨ፤ ኢጣሊያም በ1889 ዓ.ም. የውሉን መሻር ፈርማ ተቀበለች።

ከዚያ ከሐረር እስከ አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር የስልክና የቴሌግራፍ ሽቦ ተዘረጋ። ስልኩ ቤተ መንግሥት ሲገባ የሰይጣን ድምፅ ነው ያሉ ካህናት እንደነበሩ ይነገራል፤ እሳቸው ግን ከሽቦው አልተለዩም። በ1901 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ሆነች፤ ደብዳቤዋም በራሷ ቴምብር ባሕር መሻገር ቻለ።

በ1902 ዓ.ም. የመታቸው ከባድ ስትሮክ አንደበታቸውን ዘጋው። ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. አረፉ። ሽቦው ሐረር ድረስ ይሠራ ነበር፤ ዜና ዕረፍታቸው ግን ከቤተ መንግሥቱ እንዳይወጣ ተደርጎ ለሕዝቡ በይፋ ሳይነገር ቆየ።