ዘር ሰብስበው በረሃብ የሞቱት ሊቅ

በዳንግላ ማሳዎች የሚዘሩት ጤፍና ዳጉሳ፣ በእንጅባራ ዙሪያ የሚመረተው ድንችም አንድ የሚያመሳስላቸው ነገር አለ። ሦስቱም በጥንት ዘመን ሙሉ ዘረመላቸው እጥፍ የሆነ ሰብሎች ናቸው። የሰብሎችን አመጣጥ ለማወቅ ዕድሜያቸውን ከሰጡት ሊቃውንት አንዱ ሩሲያዊው ኒኮላይ ቫቪሎቭ ነበሩ።

ቫቪሎቭ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1887 በሞስኮ ተወለዱ። ግብርና ተምረው በሌኒንግራድ የሚገኘውን የሰብል ምርምር ተቋም መሩ። ዓላማቸው የዓለምን ሰብሎች ዘር ሰብስቦና አዳቅሎ ረሃብን መግታት ነበር።

ይኸው ፍለጋ በ1919 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ አመጣቸው። አዲስ አበባ ላይ ከአልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ጋር ተገናኝተው፣ በቅሎ ጭነው ወደ ጎንደርና አክሱም ተጓዙ። በአክሱም አካባቢ ጢም የሌለው የማካሮኒ ስንዴ አገኙ። ኢትዮጵያንም ከዓለም የሰብል መገኛ ማዕከላት አንዷ አድርገው መዘገቡ።

የማካሮኒ ስንዴ 28 ክሮሞሶም አለው፤ እያንዳንዳቸው 14 ካላቸው ሁለት የሣር ዝርያዎች የመጣ ነው። ከተለያዩ ዝርያዎች የተዳቀለ ተክል አብዛኛውን ጊዜ እንደ በቅሎ መካን ነው። ክሮሞሶሙ እጥፍ ሲሆን ግን እያንዳንዱ ጥንዱን ስለሚያገኝ ዘር ይሰጣል። የቫቪሎቭ የሥራ ባልደረባ ጆርጂ ካርፔቼንኮ በ1920ዎቹ ፍጅልንና ጥቅል ጎመንን አዳቅለው ይህንኑ አሳይተዋል። የአገራችን ጎመን ዘርም በተፈጥሮ የሰናፍጭንና የጥቅል ጎመን ወገንን ክሮሞሶም፣ 16 እና 18፣ አጣምሮ 34 ይዟል።

ዘረመል እጥፍ ሲሆን አንደኛው ቅጂ የቆየ ሥራውን ሲሠራ ሌላው የመለወጥ ዕድል ያገኛል። ይህም ተክሉ ከአዲስ አየርና አፈር ጋር እንዲላመድ ይረዳዋል። እጥፍ መሆን ብቻውን ግን ዋስትና አይደለም። የደጋው ገብስ 14 ክሮሞሶም ብቻ ይዞ ብርዱን ይቋቋማል። በአንጻሩ የኢትዮጵያ ቡና ዘረመሉ እጥፍ ቢሆንም፣ መነሻው ጥቂት ተክል ስለነበር ውስጣዊ ብዝኃነቱ ጠባብ ነው። ስለዚህ በአርሶ አደሩ ጎተራ ያለው የዘር ዓይነት ብዛት ወሳኝ ነው።

የቫቪሎቭ መጨረሻ መራር ነበር። የዘረመልን ሳይንስ የካደው የትሮፊም ሊሴንኮ ወገን በሶቪየት መንግሥት ተሰሚነት ሲያገኝ፣ በ1940 ታሰሩ። ካርፔቼንኮ በ1941 ተገደሉ። ቫቪሎቭም በጥር 1943 በሳራቶቭ እስር ቤት ረሃብ ጎድቷቸው ሞቱ። ሌኒንግራድ በጀርመን ጦር ተከባ ሳለ ደግሞ ባልደረቦቻቸው የተከማቸውን ዘር ሳይበሉ በረሃብ አለቁ። የቫቪሎቭ ስም በ1955 ከክሱ ነጻ ወጣ፤ ተቋሙም ዛሬ በስማቸው ይጠራል።

ኢትዮጵያ የራሷን የዘር ባንክ በ1976 አቋቁማለች። ባንኩ የሚያስቀምጠው ግን ከማሳ የተገኘውን ነው። የወረዳ ባለሙያ ምርጥ ዘር ሲያከፋፍል፣ አርሶ አደሩም ሲቀበል፣ ከነባሩ ዘር ጥቂት ለይቶ ማቆየት የነገን ምርት መጠበቅ ነው።