የፍሌሚንግ መርፌና የእኛ ቤት 42 ቀን

አሌክሳንደር ፍሌሚንግ ሲባል ሁላችንም ከትምህርት ቤት ይዘናት የመጣናት ያቺ የሻገተች ሳህን ትዝ ትለናለች። ሰውየው ግን ፔኒሲሊንን ከማግኘቱ ከ15 ዓመት በላይ ቀደም ብሎ ለንደን ውስጥ ስም ያወጣው በሌላ ነገር ነበር፤ መድኃኒት በደም ሥር በመስጠት። ይህን ያወቅሁት እናቴ ሳሎናችን ውስጥ፣ ከመጋረጃው ብረት ላይ በተንጠለጠለ የመድኃኒት ከረጢት ሥር ተኝታ ሳለች ነው። ነርሷ እስክትጨርስ አጠገቧ ቁጭ ብዬ የሰውየውን ታሪክ አነብ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስኳር ያለባት እናቴ እግሯ ላይ የወጣው ቁስል አጥንት ድረስ ዘለቀ። ሐኪሙ በደም ሥር የሚሰጥ አንቲባዮቲክ ለ42 ቀን አዘዘላት። ያን ያህል ቀን አልጋ ይዞ መተኛት አቅም ይጠይቃልና፣ ከመጀመሪያው ሳምንት በኋላ ካኑላው እጇ ላይ እንዳለ ወደ ቤት አመጣናት። ነርስ በቀን አንዴ እየመጣች ሴፍትሪያክሶን ትሰጣት ጀመር።

ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1881 ስኮትላንድ ውስጥ ዳርቬል ከተባለች ከተማ አጠገብ ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። አባቱ ሲሞት ሰባት ዓመቱ ነበር። በ13 ዓመቱ ለንደን ገብቶ፣ በአንድ የመርከብ ድርጅት ውስጥ አራት ዓመት በጸሐፊነት ሠራ። ከአጎቱ የወረሳት ጥቂት ገንዘብ ናት በ1901 ሕክምና እንዲማር ያስቻለችው። ሴንት ሜሪ ሆስፒታልን የመረጠው ደግሞ በውኃ ፖሎ ጨዋታ ከቡድናቸው ጋር ተጋጥሞ ስለነበር ነው። ዛሬ በዚህ ምክንያት ዩኒቨርሲቲ የሚመርጥ ልጅ ቢኖረን ምን እንለው ይሆን?

ጀርመናዊው ፖል ኤርሊክ ሳልቫርሳን የተባለውን የቂጥኝ መድኃኒት ሲያወጣ፣ መድኃኒቱ በደም ሥር የሚሰጥ ሆነ። በዚያ ዘመን ደም ሥር መውጋት ለብዙው ሐኪም እንግዳ ሥራ ነው። ፍሌሚንግ ግን እጁ አይስትም። በ1911 ከባልደረባው ጋር ስለ አሰጣጡ ጽሑፍ አሳተመ፤ በግሉም ብዙ ሕሙማን አከመ። ሳልቫርሳን 606 በሚል ቁጥር ይታወቅ ስለነበርና ፍሌሚንግ በበጎ ፈቃድ ጦር ውስጥ ተራ ወታደር ስለነበር፣ ወዳጆቹ ተራ ወታደር 606 የሚል ስም አወጡለት።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ቡሎኝ፣ ፈረንሳይ ውስጥ የቁስለኞችን ቁስል ሲመረምር ሌላ ነገር አየ። ቁስል ላይ የሚፈሰው ፀረ ተህዋሲያን ኬሚካል ጥልቁ ጋ አይደርስም፤ ይልቁንም የሰውየውን የራሱን ነጭ የደም ሕዋሳት ይገድላል። በ1928 ሻጋታው ሲገኝ ግን ፈሳሹ ቶሎ እየተበላሸ አስቸገረው፤ አጥርቶ ለደም ሥር ማብቃት አልቻለም። ያንን የሠሩት ኦክስፎርድ ውስጥ ፍሎሪ፣ ቼይንና ሂትሊ ናቸው። የሻጋታዋ ሳህን ዝና የእነሱን ድካም ሸፍኖባቸው መቅረቱ አሁንም ፍትሐዊ አይመስለኝም።

በየካቲት 1941 አልበርት አሌክሳንደር ለተባለ፣ ፊቱና ሳንባው በመግል ለተወረረ ፖሊስ ፔኒሲሊን በደም ሥር ተሰጠው። መድኃኒቱ ሰውነት ውስጥ ስለማይቆይ በየሦስት ሰዓቱ መድገም ግድ ነበር። ከሽንቱ ላይ እንኳ እየለቀሙ፣ እያጣሩ መልሰው ሰጡት። ትኩሳቱ በረደ፣ ምግብ በላ። በአምስተኛው ቀን መድኃኒቱ አለቀ። መጋቢት 15 ቀን ፖሊሱ ሞተ።

የእናቴ መድኃኒት በቀን አንዴ መሰጠቱ ለዚህ ነው ትልቅ ነገር። ሴፍትሪያክሶን ሰውነት ውስጥ ረዘም ላለ ሰዓት ይቆያል። በደም ሥር የሚሰጥ ሕክምናን ወደ ቤት ማውጣት በሰፊው የተጀመረውም አሜሪካ ውስጥ ሲስቲክ ፋይብሮሲስ በሚባል የዘር በሽታ በሚሠቃዩ ልጆች ነው፤ የመጀመሪያው ሪፖርት የወጣው በ1974 ነበር።

ፍሌሚንግ ግን ያሳሰበው ከሆስፒታል ውጭ ያለው መድኃኒት ነበር። በ1945 ከፍሎሪና ከቼይን ጋር የኖቤል ሽልማት ሲቀበል፣ በንግግሩ ላይ አንድ ምናባዊ ታሪክ አወራ። አቶ ኤክስ ጉሮሮውን ያመዋል፤ ፔኒሲሊን ገዝቶ አሳንሶ ይወስዳል። ተህዋሲያኑ አይሞቱም፣ መድኃኒቱን ይለምዱታል። ከእሱ የተጋባባት ሚስቱ የሳንባ ምች ይይዛታል፣ ፔኒሲሊን ይሰጣታል፣ አያድናትም። ለሞቷ ተጠያቂው ማነው ብሎ ጠይቆ፣ ጣቱን ባልየው ላይ ቀሰረ።

ሕግ የተማርኩ ሰው ነኝና ይህን ሳነብ ቀናሁ። በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ እንዲክስ ከሚያስገድደው ከፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 2028 ጋር እያስተያየሁ ተዝናናሁበት። የአቶ ኤክስ ጠበቃ ብሆን፣ ያለ ማዘዣ የሸጠለትን ፋርማሲም ወደ ክርክሩ ጎትቼ አስገባ ነበር። ፍሌሚንግ በ1955 ለንደን ውስጥ በልብ ሕመም ሞቶ በቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል አርፏል፤ ለመስቀለኛ ጥያቄ አይቀርብልኝም።

ይህን ያነበብኩት በ19ኛው ቀን ነው። በ26ኛው ቀን ወንድሞቼና እህቴ ተሰበሰብን። ትኩሳቱ ጠፍቷል፣ ቁስሉ ደርቋል፣ ገንዘቡ ሳስቷል። ታላቅ ነኝና ፍርዱ ለእኔ ተተወ። ሐኪሙን እንኳ ሳልጠይቅ፣ ለነርሷ ከነገ ጀምሮ እንዳትመጣ ነገርኳት።

ሦስት ሳምንት አልሞላም። መግሉ ተመለሰ። ናሙናው ሲመረመር ሴፍትሪያክሶን አይሠራም ተባለ። አዲሱ መድኃኒት በቀን ሦስት ጊዜ የሚሰጥ ስለነበር ሆስፒታል ተኝታ ወሰደችው፤ የተቆጠበው ገንዘብ የመጀመሪያውን ሳምንት አልሸፈነም። የእግሯ ሁለት ጣቶችም ተቆረጡ።

ሁለተኛውን 42 ቀን ጨርሳ ወጥታለች። ካላንደር አስመጥታ፣ በየማታው በእስክሪብቶ እየሰረዘች ቀኑን የቆጠረችው ራሷ ናት።