ዘር ሰብሳቢው ኒኮላይ ቫቪሎቭ

ኒኮላይ ኢቫኖቪች ቫቪሎቭ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1887 ዓ.ም. በሞስኮ ከተማ ተወለደ። (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት እንደዚያው ናቸው።) አባቱ ከገበሬ ቤተሰብ ወጥቶ ነጋዴ የሆነ ሰው ነበር። ልጁም የእርሻ ትምህርቱን በሞስኮ ከፈጸመ በኋላ በ1913 ወደ እንግሊዝ አገር ተሻግሮ ስመ ጥር በሆነው የዘር ውርስ ሊቅ በዊሊያም ቤትሰን ዘንድ ተማረ።

ዓላማው የሰውን ልጅ ከረኀብ የሚያድን ጥሩ ዘር ማግኘት ነበር። ስለዚህ ዓለምን እየዞረ ዘር ይለቅም ጀመር። በ1927 ወደ አገራችን መጥቶ በአዲስ አበባ ከራስ ተፈሪ መኰንን ጋር ተገናኘ፤ ከዚያም በበቅሎ ወደ ሰሜን ተጉዞ በየማሳው የስንዴና የገብስ ዘር ሰበሰበ። የዓይነቱ ብዛት ቢያስደንቀው ኢትዮጵያን ከዓለም የእህል መገኛዎች አንዷ አድርጎ ቈጠራት።

በዘር ውስጥ ያለው ትእዛዝ እንዴት እንደሚሠራ በእርሱ ዘመን ገና አልታወቀም ነበር። ዛሬ ግን ታውቋል። በሕዋስ ውስጥ ዲ.ኤን.ኤ. የሚባል ረጅም ክር አለ፤ በአራት ፊደላት ብቻ እንደ ተጻፈ መጽሐፍ ነው። ፕሮቲን ሲሠራ የመጽሐፉ አንድ ክፍል ወደ አር.ኤን.ኤ. ይገለበጥና ራይቦሶም ወደሚባለው መሥሪያ ይሄዳል። በዚያም ፊደሉ ሦስት ሦስት እየሆነ ይነበባል፤ ለየሦስቱም አንድ አሚኖ አሲድ እንደ ጨሌ እየተሰካ ፕሮቲን ይሆናል።

ለምሳሌ በማሽላ ፍሬ ውስጥ የሚበዛው ፕሮቲን ላይሲን የተባለው አሚኖ አሲድ እጅግ ያነሰበት ነው። ላይሲንን ደግሞ ሰውነታችን ሊሠራው ስለማይችል ከምግብ ማግኘት አለብን። በ1973 ሊቃውንት ከወሎ የተገኘ ማሽላ ቢመረምሩ ላይሲኑ ከሌላው በልጦ ተገኘ፤ አንድ የዘር ትእዛዝ ተለውጦ ያ ደካማ ፕሮቲን ቀንሶ ነበርና። ገበሬው ግን ከሊቃውንቱ በፊት ይህን ዘር ለይቶ ጠብቆት ኖሯል።

የቫቪሎቭ ፍጻሜ አሳዛኝ ነው። የዘር ውርስን ሕግ የካደው ሊሴንኮ በመንግሥት ዘንድ ተሰሚነት ስላገኘ ቫቪሎቭ በ1940 ታሰረ። ለዓለም እህል ሲፈልግ የኖረው ሰው በ1943 በሳራቶቭ ወኅኒ ቤት በምግብ እጦት ተጎሳቍሎ ሞተ። በዚያው ጦርነት ሌኒንግራድ በተከበበች ጊዜ የሥራ ባልደረቦቹ አንዳንዶቹ የሰበሰበውን ዘር ሳይበሉ በረኀብ አለቁ።

እኛም የእንሴኖ ተማሪዎች በጓሮአችን ያለውን እንሰትና በማሳችን ያለውን በርበሬ ዓይነቱን ለይተን እንወቅ። ወላጆቻችን ለዘር የሚሆነውን ሲመርጡ አጠገባቸው ተቀምጠን እንጠይቃቸው። አንድ ጊዜ የጠፋ ዘር አይመለስምና።